ሲፒኬ፣ ሲኬ-ኤምቢ ወይስ ትሮፖኒን? ለጎጃም ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የምርመራ መምረጫ

«ሲፒኬ» (ጡንቻ ወይም ልብ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም) የሚል መጠየቂያ ወረቀት ላቦራቶሪ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይጎድለዋል። የተጠረጠረው ልብ ነው ወይስ ጡንቻ? ሕመሙ ከጀመረስ ስንት ሰዓት ሆነው? እነዚህ ካልተጻፉ ላቦራቶሪው ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን መልስ አይሆንም። 900 የሚል ውጤት ትናንት ሙሉ ቀን ጎንበስ ብሎ ጤፍ ሲያጭድ ለዋለ ጎልማሳ ምንም ላይሆን ይችላል። ያው 900 ደረቱን ይዞ ለመጣ የ60 ዓመት ሰው፣ ወይም ዘግይቶ መራመድ ለጀመረ ሕፃን፣ ሌላ ነገር ይናገራል።

ለቸኮለ አንባቢ ምርጫው ይኸውና። ደረት ለሚያመው ሰው ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን) ይታዘዝ፤ ትሮፖኒን ከሌለ ሲኬ-ኤምቢ (ለልብ ተብሎ ተለይቶ የሚለካው የሲፒኬ ዓይነት) ከጠቅላላ ሲፒኬ ጋር። ለጡንቻ ጉዳት ጠቅላላ ሲፒኬ ይበቃል። ጡንቻ ተጨፍልቆ ለኩላሊት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ፖታሲየምና ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ) አብረው ይታዘዙ፤ ሰውን ቶሎ የሚገድለው ሲፒኬው ሳይሆን ፖታሲየሙ ነውና። ከዚህ በታች ያለው ምርጫው ለምን እንዲህ እንደሆነና የት ላይ እንደሚያሳስት ነው።

አንድ ኢንዛይም፣ ሁለት ስም

በመጠየቂያው ላይ «ሲፒኬ»፣ በማሽኑ ላይ «ሲኬ»፣ በሪኤጀንቱ ሳጥን ላይ «ሲኬ-ናክ» የሚለው ሁሉ አንድ ነገር ነው። ክሬያቲን ፎስፎኪኔዝ የድሮ ስሙ ነው፤ ክሬያቲን ኪኔዝ የአሁኑ። ሲፒኬንም ሲኬንም ለየብቻ ያዘዘ ሰው በሽተኛውን ሁለት ጊዜ አስከፈለ እንጂ ሌላ ያተረፈው የለም።

ፎስፎኪኔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ሥራቸው ፎስፌትን ከኤቲፒ (ሴል ለሥራው ከሚያወጣው የኃይል ሞለኪውል) ወስዶ ለሌላ ሞለኪውል መስጠት ነው። ክሬያቲን ኪኔዝ ፎስፌቱን ለክሬያቲን ይሰጥና ፎስፎክሬያቲን ያደርገዋል፤ ሲያስፈልግ ደግሞ ገልብጦ ይመልሰዋል። ኤቲፒን በመሶብ እንዳለ እንጀራ እንቁጠረው። ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ መሶቡ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ፎስፎክሬያቲን በቡሃቃ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሊጥ ነው፤ 10 ሰከንድ ያህል ያቆያል። ክሬያቲን ኪኔዝ ጋጋሪዋ ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የጎተራው ነው፤ ግላይኮጅንና ስብ ይወጣሉ። ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። ጡንቻው ሲያርፍ ኢንዛይሙ ከኤቲፒ መልሶ ፎስፎክሬያቲን ይሠራል፤ እንጀራ ግን ወደ ሊጥ አይመለስም።

ይህ ኢንዛይም ቤቱ ሴል ውስጥ ነው። ደም ውስጥ በብዛት ከተገኘ የሴሉ ግድግዳ ተቀዷል፣ ወይም ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ክፋይ አለው፦ ኤም እና ቢ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጣመሩ ሦስት ዓይነት ይወጣል፤ ኤምኤም በአጥንት ጡንቻ፣ ኤምቢ በልብ፣ ቢቢ በአንጎል። ክፍፍሉ ግን እንዲህ የጠራ አይደለም። በልብ ጡንቻ ውስጥ ካለው ሲኬ ኤምቢ የሆነው ከ15 እስከ 30 በመቶ ነው፤ የቀረው ኤምኤም ነው። በአጥንት ጡንቻም ቢሆን ከ1 እስከ 3 በመቶ ኤምቢ አለ። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ልብ ከ300 ግራም ብዙም የማይዘል ሲሆን የአጥንት ጡንቻ ከሰውነት ክብደት 40 በመቶ ገደማ ነው። መኪና ተገልብጦበት ጭኑ የተጨፈለቀ ሰው ልቡ ደህና ሆኖ ሳለ ሲኬ-ኤምቢው ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረት ለሚያመው ሰው

መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ንድፍ)። በሽተኛው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት። ኤስቲ የሚባለው የንድፉ ክፍል ከፍ ብሎ ከታየ የደም ውጤት አይጠበቅም፤ ሕክምናው ይጀመራል፣ ሪፈሩም ይጻፋል። የደም ምርመራ የሚያስፈልገው ኢሲጂው ሲያወላውል ነው። ያኔ የሚመረጠው ሕመሙ በጀመረበት ሰዓት ነው።

| ምርመራ | ከፍ ማለት የሚጀምርበት | ጣሪያው | የሚመለስበት |
|---|---|---|---|
| ማዮግሎቢን (ኦክስጅን የሚይዝ የጡንቻ ፕሮቲን) | 1–3 ሰዓት | 6–12 ሰዓት | 24 ሰዓት ገደማ |
| ሲኬ-ኤምቢ | 4–6 ሰዓት | 12–24 ሰዓት | 48–72 ሰዓት |
| ጠቅላላ ሲፒኬ | 4–8 ሰዓት | 24 ሰዓት ገደማ | 3–4 ቀን |
| ትሮፖኒን አይ | 3–6 ሰዓት | 24 ሰዓት ገደማ | 7–10 ቀን |
| ትሮፖኒን ቲ | 3–6 ሰዓት | 12–48 ሰዓት | 10–14 ቀን |

ሠንጠረዡን ከአካባቢው ጋር አያይዘን እንየው። ዓርብ ማታ ደረቱን የወጋው የገጠር ሰው በቃሬዛ እስከ አስፋልት፣ ከዚያ በመኪና ተጉዞ ሰኞ ከሰዓት ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ቢደርስ ሲኬ-ኤምቢው ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መደበኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ኢንዛይሙ ኖርማል ነው» ብሎ ወደ ቤቱ መሸኘት ትልቅ ስህተት ነው። ትሮፖኒኑ ግን ገና እዚያው አለ። ዘግይቶ ለሚደርስ በሽተኛ ትሮፖኒን የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ በዓለም ደረጃም በ2000 እ.ኤ.አ. የሃርት አታክ ትርጉም ሲከለስ ቅድሚያው ከሲኬ-ኤምቢ ወደ ትሮፖኒን ዞሯል።

ቶሎ ለደረሰው ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ሕመሙ ከጀመረ 2 ሰዓት ላይ የተቀዳ ደም በየትኛውም ተራ ምርመራ ነጻ ሊሆን ይችላል። ነጻ የሆነ የመጀመሪያ ውጤት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገማል። በካርድ የሚሠራ ትሮፖኒን ከማሽኑ ይልቅ ደንዝዞ ነው የሚያየው፤ ብዙዎቹ ካርዶች መስመር የሚያሳዩት 0.5 ናኖግራም በሚሊሊትር ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በካርድ ሲሆን 6 ሰዓት ሳይሞላ የተገኘ «ኔጋቲቭ» ምንም አያረጋግጥም። ካርዱ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ይነበብ፤ የደበዘዘ መስመርም መስመር ነው። ረስተውት ከቆየ በኋላ የወጣ መስመር ግን አይቆጠርም።

ትሮፖኒንም ጉድለት አለው። ኩላሊቱ በደከመ በሽተኛ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ የሚፈርደው ለውጡ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ሲደገም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከወጣ ወይም ከወረደ አዲስ ነገር አለ፤ ባለበት ከቆመ የኖረ ነው።

ታዲያ ሲኬ-ኤምቢ ምን ቀረው? ሁለት ቦታ አለው። አንደኛው ትሮፖኒን በሌለበት። ሁለተኛው ሃርት አታክ ይዞት የተኛ ሰው በአምስተኛው ቀን እንደገና ደረቱን ሲያመው ነው፤ ትሮፖኒኑ ገና ስላልወረደ አዲሱን ከአሮጌው መለየት ሲቸግር፣ ወርዶ የነበረ ሲኬ-ኤምቢ ዳግም መነሳቱ ብዙ ይናገራል። ከዚህ ውጭ ሁለቱንም በየጊዜው ማዘዝ የበሽተኛ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲኬ-ኤምቢ በተለመደው ዘዴ ሲሠራ ፀረ-ኤም አንቲቦዲ የኤም ክፋዮችን ሥራ ያቆማል፤ የቀረው የቢ ሥራ ይለካና በ2 ይባዛል። ዘዴው ደም ውስጥ ቢቢ የለም ብሎ ይነሳል። ብዙ ጊዜ የለም። ግን ቢቢው ከአንቲቦዲ ጋር ተጣብቆ ማክሮ-ሲኬ የሚባለውን የሚሠራባቸው ሰዎች አሉ፤ በነሱ ላይ ያ ሁሉ ቢ በ2 ተባዝቶ ኤምቢ ይባላል። አንዳንዴ ሲኬ-ኤምቢው ከጠቅላላው ሲፒኬ በልጦ ይወጣል። ከፊል ከሙሉ ሊበልጥ አይችልም፤ እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ልብን መጠርጠር ትቶ ዘዴውን መጠርጠር ነው። ሲኬ-ኤምቢው ከጠቅላላው ሲፒኬ በመቶኛ ሲታይ ከ6 በታች ወደ አጥንት ጡንቻ፣ ከ6 እስከ 25 ወደ ልብ፣ ከ25 በላይ ወደ ማክሮ-ሲኬ ወይም ቢቢ ያመለክታል። መቶኛው ትርጉም የሚኖረው ጠቅላላው ሲፒኬ ከፍ ብሎ ሲገኝ ብቻ ነው።

ሰዓቱን መጠየቅና መጻፍ

ይህ ሁሉ በሰዓት ላይ የቆመ ስለሆነ ሰዓቱ ራሱ መጣራት አለበት። ለገጠር አዛውንት «ስንት ሰዓት ላይ ጀመረዎ?» ከማለት «አባባ፣ ከብቱ ተሰማርቶ ነበር ወይስ ገና በረት ነበር?» ማለት ይሻላል። «ቅዳሴ ሲወጣ» ካሉ ደግሞ ቀኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የእሑድ ቅዳሴ በጠዋት ያልቃል፣ የጾም ቀን ቅዳሴ ግን የሚወጣው ወደ 9 ሰዓት ነው። ያ ልዩነት የስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ትሮፖኒን ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ «3:00» ብቻ አይጻፍ። የላቦራቶሪ ማሽን በፈረንጅ ሰዓት ያትማል፤ እኛ በራሳችን እንቆጥራለን። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ በፊደል ቢጻፍ ወይም «ከጀመረ 7 ሰዓት ሆኖታል» ቢባል ተቀባዩ ሐኪም አይሳሳትም።

ለጡንቻ፦ ጠቅላላ ሲፒኬ የሚነግሥበት

በጡንቻ ነገር ሲፒኬን የሚተካከል የደም ምርመራ የለም። ይሁን እንጂ «መደበኛ» የሚለው ድንበር ከሳጥን ሳጥን ይለያያል፤ በ37 ዲግሪ ብዙ ኪቶች ለወንድ እስከ 190፣ ለሴት እስከ 167 ዩኒት በሊትር ይላሉ፤ ሌሎች ለወንድ እስከ 308 ይዘልቃሉ። ከዚህም በላይ ጥቁር ሰዎች በጤናቸው ከነጮች ከፍ ያለ ሲፒኬ አላቸው። በአውሮፓ የተጻፈ ድንበር በጎጃም ገበሬ ላይ በቀጥታ ሲለጠፍ ብዙ ጤነኛ ሰው በሽተኛ ይባላል። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አጨዳና ውቂያ ሲሆን። ከባድ ሥራ ሲፒኬን በሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ቀን ጣሪያ ያደርሰዋል። ምልክት የሌለው ሰው 600 ወይም 800 ከተገኘበት ለአንድ ሳምንት ያህል ከከባድ ሥራ አርፎ ይደገም፤ ሳይደገም መዝገብ ላይ የበሽታ ስም አይጻፍ።

ጡንቻ በብዛት ሲሞት የሚመጣው ራብዶማዮላይሲስ ነው። የሚያደርሱትም የታወቁ ናቸው። ናዳ ወይም የተገለበጠ አይሱዙ የተጫነው ሰው፣ ኤሌክትሪክ የያዘው፣ የሚጥል በሽታው ለረጅም ጊዜ ያላቆመለት፣ እባብ ነድፎት እግሩ ያበጠ፣ በጣም አጥብቆ ለሰዓታት የታሰረ እጅ፣ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ሙቀት የመታው ደገኛ። ሽንቱ የጠቆረ ሻይ ይመስላል። መለያው ሲፒኬ ከላይኛው ድንበር 5 እጥፍ በላይ፣ በተለምዶ ከ1000 በላይ መሆኑ ነው፤ ከ5000 ሲያልፍ ኩላሊት መጎዳቱ ያሳስባል።

ሲፒኬ በሌለበት ጤና ጣቢያ ዲፕስቲክና ማይክሮስኮፕ ብዙ ርቀት ይወስዳሉ። ዲፕስቲኩ ደም ከፍ አድርጎ አሳይቶ፣ የተሽከረከረው ሽንት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይ የደም ሴል ካልተገኘበት የታየው ማዮግሎቢን ወይም የፈረሰ ሄሞግሎቢን ነው። ሴረሙ (ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ) ከቀላ ሄሞግሎቢን፣ ሴረሙ ጥርት ብሎ ሽንቱ ብቻ ከጠቆረ ማዮግሎቢን። ማዮግሎቢን ግን ከደም ቶሎ ይጠፋል፤ ዕድሜ-ግማሹ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው። ጉዳቱ ከደረሰ አንድ ቀን ካለፈው ሰው የተገኘ ንጹሕ ዲፕስቲክ ራብዶን አያስቀርም። ሲፒኬ ደግሞ ዘግይቶ ጣሪያ ይደርስና ከ1 እስከ 3 ቀን ስለሚቆይ ለዘገየው በሽተኛ የተሻለ ነው። ሁለቱ የሚነጻጸሩት እንዲህ ነው፦ ዲፕስቲክ ለዛሬ፣ ሲፒኬ ለትናንትና ለትናንት በስቲያ።

ሕክምናው ውጤቱን አይጠብቅም። ኖርማል ሳላይን በመጀመሪያው ሰዓት 1 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ በተቻለ መጠን እጅና እግሩ ከተጫነው ነገር ከመላቀቁ በፊት ይጀመር። ከዚያ ሽንቱ በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሚሊሊትር እንዲሆን ፈሳሹ ይስተካከላል፤ ልቡ የደከመ ሰው ላይ ግን ሳንባውን እያዳመጡ ነው። ፖታሲየም ያለበት ፈሳሽ አይመረጥም። ዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) አይወጋም፤ ኩላሊቱን ይጨርሰዋል። ካልሲየም ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ምልክት ወይም የፖታሲየም አደጋ በኢሲጂ ላይ እስካልታየ ድረስ አይሞላም፤ በኋላ ከጡንቻው ተመልሶ ስለሚወጣ ከልክ ያልፋል።

ሲፒኬው በየቀኑ 40 በመቶ ያህል መውረድ አለበት። ፈሳሹ በደንብ እየገባ ካልወረደ፣ ወይም ከወረደ በኋላ ዳግም ከወጣ፣ እግሩ ይገለጥና ይታይ፤ ያበጠው ጡንቻ ራሱን አንቆ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ያ የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው፤ ሰዓታትም አይሰጥም።

ጉበት የተባለ ጡንቻ

የጉበት ምርመራ ተብለው የሚታዘዙት ኤኤስቲና ኤኤልቲ ከፍ ሲሉ ሁሉም ወደ ጉበት ይሮጣል። ሁለቱም ግን ጡንቻ ውስጥ አሉ። ወንድ ልጅ ነው፣ በ18 ወር አልተራመደም፣ ወይም በ4 ዓመቱ ከመሬት ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ እየደገፈ በራሱ ገላ ላይ እንደሚወጣ ያህል ይነሳል፣ ባቱ ደግሞ ወፍራም ነው እንበል። ይህ ልጅ ኤኤልቲው 300 ስለሆነ ለወራት የጉበት መድኃኒት ሲሰጠው ቢቆይ የሚያስገርም አይደለም። ሊታዘዝለት የሚገባው ሲፒኬ ነበር። በዱሼን የጡንቻ መመንመን ሲፒኬ ከመደበኛው ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይሆናል፤ ከልደት ጀምሮም ከፍ ያለ ነው። መደበኛ የሆነ ሲፒኬ በሽታውን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ጉበትን ከጡንቻ ለመለየት ጂጂቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ይረዳል፤ ጡንቻ ሲጎዳ ጂጂቲ አይነሳም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። በወሊድ ምክንያት የማንኛውም ጨቅላ ሲፒኬ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ይላል፤ ያኔ አይለካ። ደግሞም እንዲህ ያለ ልጅ ለቀዶ ሕክምና ሲገባ ሱክሳሜቶኒየም (በማደንዘዣ ጊዜ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት) ከተሰጠው ፖታሲየሙ ድንገት ጨምሮ ልቡ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ሲፒኬው በካርዱ ፊት ላይ በጉልህ ይጻፍ።

እንቅርትና መድኃኒት

ምክንያት የሌለው፣ ከ10 እጥፍ በታች የሆነ ሲፒኬ ሲገኝ ቀጥሎ የሚታዘዘው ቲኤስኤች (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳይ ምርመራ) ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ጡንቻን ያደክማል፣ ሲፒኬንም ያነሳል። እንቅርት በጎጃም ደጋ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንቅርት ያለው ሁሉ ግን ሆርሞኑ አንሶታል ማለት አይደለም። ብርድ ብርድ ማለት፣ ድምፅ መጎርነን፣ ሆድ ድርቀት፣ ቀርፋፋነት ካለ ይጠርጠር። ሆርሞኑ ሲተካ ሲፒኬውም ይወርዳል፤ የጡንቻ ናሙና መውሰድ አያስፈልግም።

ከመድኃኒት ወገን ስታቲኖች (ኮሌስትሮል የሚያወርዱት) ግንባር ቀደም ናቸው። ጡንቻውን እያመመው ሲፒኬው 10 እጥፍ ካለፈ ይቋረጣል። ሲምቫስታቲን ከክላሪትሮማይሲን ወይም ሪቶናቪር ካለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር አብሮ አይሰጥም፤ በደም ውስጥ ተከማችቶ ራብዶ ያመጣል። ዚዶቩዲን የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ጭኑ ቢደክም እሱም ሲፒኬ ይታይለት።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚበላሸው

ብዙው ስህተት የሚፈጠረው ደሙ ማሽኑ ሳይደርስ ነው። የመጀመሪያው መርፌ ነው። ደረቱን ላመመው ሰው ዲክሎፌናክ ቂጡ ላይ ተወግቶ ከዚያ ደም ከተቀዳ፣ ሲፒኬው ከተወጋው ጡንቻ ይነሳል። ደም ይቀዳ፣ ከዚያ ይወጋ። ቀድሞ ከተወጋ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ቱቦው ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ይሁን፤ ፕላዝማ ካስፈለገ ሄፓሪን ያለበት አረንጓዴ። ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊና ግራጫ ክዳን አይሆኑም፤ ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ማግኒዚየም ይይዝበታል፤ ውጤቱ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል። ደሙ 30 ደቂቃ ረግቶ በደቂቃ 3000 ዙር ለ10 ደቂቃ ይሽከርከር። ጥሩ ሴረም የብርዝ መልክ አለው። የቀይ ሥር ውሃ የመሰለ ከሆነ ሄሞላይዝድ (ቀይ የደም ሴሎቹ የፈረሱበት) ነውና ይጣል፤ እንደገና ይቀዳ። ቀይ የደም ሴል ሲፒኬ የለውም፤ ነገር ግን አዴኒሌት ኪኔዝ የሚባል ሌላ ፎስፎኪኔዝ አለው። ይህ ከሁለት ኤዲፒ ኤቲፒ ይሠራል፤ የምርመራው ዘዴ የሚለካውም ኤቲፒ ስለሆነ የጎረቤቱን ሥራ ለሲፒኬ ይቆጥርለታል። ሪኤጀንቱ ውስጥ የሚገቱት ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሲሆን ግን አይችሉትም።

ሴረሙ ከደሙ ተለይቶ በክፍል ሙቀት ከ4 እስከ 8 ሰዓት፣ በ4 ዲግሪ ከ1 እስከ 2 ቀን ይቆያል። ብርሃን አይወድም። ሪኤጀንቱ ውስጥ ያለው ናክ፣ ማለትም ኤን-አሴቲልሲስቴይን፣ በአየር የደከመውን ኢንዛይም ያነቃዋል፤ የሞተውን ግን አያስነሳም።

በእጅ በፎቶሜትር (በናሙናው የሚያልፈውን ብርሃን በሚለካ ማሽን) ሲሠራ እንዲህ ነው። 1 ሚሊሊትር ሪኤጀንት 37 ዲግሪ እስኪደርስ ይሙቅ። 20 ማይክሮሊትር ሴረም ይጨመር፣ ይቀላቀል፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያ በ340 ናኖሜትር በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት አራት ጊዜ ይነበብ። ለምሳሌ 0.210፣ 0.234፣ 0.259፣ 0.283 ከተነበበ ጭማሪው በደቂቃ በአማካይ 0.0243 ነው፤ በ8095 ሲባዛ 197 ዩኒት በሊትር ይሆናል። 8095 የሚሠራው ለእነዚህ መጠኖች ብቻ ነው፤ ሴረሙ 40 ማይክሮሊትር ከሆነ ማባዣው 4127 ነው። የኪቱ ወረቀት የሚለው ይቀድማል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የራብዶ ሴረም በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ገና በሚጠበቀው 2 ደቂቃ ውስጥ የሪኤጀንቱን ሲሳይ ሁሉ ይጨርሳል። ከዚያ ንባቡ አይንቀሳቀስም፤ ማሽኑ ወይም ባለሙያው «ዝቅተኛ» ብሎ ይጽፋል። ምልክቱ የመጀመሪያው ንባብ ከሌሎች ናሙናዎች በጣም ከፍ ብሎ መገኘቱ፣ ወይም ጭማሪው በየደቂቃው እያነሰ መሄዱ ነው። 100 ማይክሮሊትር ሴረም ከ900 ማይክሮሊትር ኖርማል ሳላይን ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ይሠራ፣ ውጤቱም በ10 ይባዛ። ሽንቱ ጠቁሮ ሲፒኬው 90 ነው ከተባለ ይህ ሳይደረግ ወረቀቱ አይውጣ።

ሌላው ብርድ ነው። የደብረ ማርቆስን ወይም የእንጅባራን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ማሽኑ በቅጡ ሳይሞቅ በ25 ዲግሪ የተነበበ ውጤት የ37ቱን ግማሽ እንኳ አይደርስም። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላም እንደዚሁ፤ ማሞቂያው 37 መድረሱ ይረጋገጥ፣ ኮንትሮል ሴረም (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ) ይሠራ፣ ከዚያ የበሽተኛው።

ትንሽ ላቦራቶሪ የሁሉንም ኪት መግዛት አይችልም። ፎቶሜትር ካለ መጀመሪያ ጠቅላላ ሲፒኬ ይገዛ፣ ለልብ የትሮፖኒን ካርድ። ካርዱ ፍሪጅ ሳይፈልግ ከ30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ ይቆያል፤ በሽተኛ በወር አንድ ቢመጣም አይባክንም። የሲኬ-ኤምቢ ሪኤጀንት ግን ከተከፈተ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፤ የመጨረሻው ግዢ እሱ ይሁን።

ሌሎቹ ፎስፎኪኔዞች

ስማቸው ስለሚመሳሰል ብቻ ሲፒኬ አይታዘዝላቸው። ፓይሩቬት ኪኔዝ የጎደለው ሰው ቀይ የደም ሴሉ እየፈረሰ ደም ያንሰዋል፤ ምርመራው ሌላ ነው። ፎስፎፍሩክቶኪኔዝ የጎደለው ሲሠራ ጡንቻውን ይሸመቅቀዋል፤ በዚህኛው ሲፒኬ ከፍ ይላል፣ ግን በሽታውን አይለይም። በሰው አካል ውስጥ ፎስፌትን ለፕሮቲን የሚሰጡ ኪኔዞች ከ500 ይበልጣሉ፤ ፕሮቲን በፎስፌት እንደሚበራና እንደሚጠፋ ያሳዩት ፊሸርና ክሬብስ በ1992 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሰጠው ኢማቲኒብ ከነዚህ አንዱን የሚዘጋ መድኃኒት ነው። የሚለካው ሲፒኬ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ናሙና ወይም በሽተኛ ሲላክ

ከቢቸና፣ ከሞጣ ወይም ከቡሬ ናሙና ሲላክ ሴረሙ ተለይቶ በሌላ ቱቦ ይሁን፤ ያልተለየ ደም በኮረኮንች መንገድ ተንገጫግጮ ሄሞላይዝ ይሆናል። ቱቦው በወረቀት ተጠቅልሎ ከብርሃን ይጋረድ፣ በቫክሲን ካሪየር ይቀመጥ፣ የረጋውን በረዶ በቀጥታ አይንካ። መጠየቂያው ላይ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ ጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌ መኖሩ፣ በሽተኛው ባለፉት ሦስት ቀናት የሠራው ከባድ ሥራ፣ የሚወስደው መድኃኒትና የሽንቱ መልክ ይጻፉ። በሽተኛው ራሱ ከሄደ ደግሞ የመጀመሪያው ውጤት ከነኪቱ መደበኛ ድንበር አብሮት ይሂድ፤ በሌላ ኪት የሚሠራው ሁለተኛ ውጤት ከሱ ጋር የሚነጻጸረው እያንዳንዱ የራሱን ኪት ድንበር ስንት እጥፍ እንደሆነ ተሰልቶ ነው።